ቱቦ ላይ ይሉኝታ የለም

የእትዬ ጽጌን ማረፍ የነገረኝ ደምሴ ነው። ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ ነጭ ጋዋኑን ሳይለብስ ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ደምሴ ሰው ሲገባ አንድ ቀልድ ሳይወረውር አያሳልፍም። ያን ቀን ግን «ሂሩት፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅምና ሳይነግረኝ ገባኝ።

«እትዬ ጽጌ?» አልኩት።

«ትናንት። ስኳሩ ጠንቶባቸው ነው አሉ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እኔ እኮ እሳቸው የሚሞቱ አይመስለኝም ነበር። ሞትንም በውሃ ሳይሞከር አላስገባም የሚሉት ይመስለኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ብስራተ ገብርኤል ቀበርናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ሰዎች ስለ እሳቸው የሚያወሩትን አዳመጥኩ። አንዷ ጎረቤት የሟች እህታቸውን ልጆች እንዴት እንዳሳደጉ፣ ሌላዋ በዕድር ስብሰባ ላይ ማንንም ሳይፈሩ እንደሚናገሩ አወራች። ሁሉም እውነት ነው። ግን እኔ የማውቃቸው እትዬ ጽጌ፣ ሳፋ ላይ አጎንብሰው የጎማ ቱቦ ከመስታወት ቱቦ ጋር የሚያጋጥሙት እትዬ ጽጌ፣ ድንኳኑ ውስጥ አልተነሱም። ሰው በተሰበሰበበት ማውራት እስከ ዛሬም ስለሚከብደኝ እኔም አላነሳኋቸውም። በጽሑፍ ግን እችላለሁ።

ያገኘኋቸው ደርግ ወድቆ ለውጡ ከመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በኬሚስትሪ ተመርቄ ነፋስ ስልክ ካለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ በሙከራ ተቀጠርኩ። አብረውኝ ከተመረቁት መካከል ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመው የሚውሉ ብዙ ነበሩ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል፤ ታናናሾቼ ገና ተማሪዎች ናቸው። ሀና ማርያም፣ ያኔ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ የሚያስቀርበት ሰፈራችን ውስጥ፣ እናቴ «ሂሩቴ ሥራ ገባች» ብላ ለሁሉም ነግራ ጨርሳለች። እኔ ግን ገና መግባቴ አልነበረም። ቋሚ ልሁን ወይስ ልሰናበት የሚለውን የሚወስኑት የላብራቶሪው ኃላፊ እትዬ ጽጌ ነበሩ።

አጠር ያሉ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ጋዋናቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፉ ሴትዮ ናቸው። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ከአውራ ጣታቸው ስር ተነስቶ መዳፋቸውን አቋርጦ የሚሄድ ጠባሳ አለ። ወደ ሰው ሲጠቁሙ ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ስለሚቀሩ የሚባርኩ ይመስላሉ። ደምሴ በሌሉበት «አቡነ ጽጌ» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። ሥራ ላይ ሲለግም ካገኙት ጣቶቻቸውን ወደ እሱ ቀስረው «ምነው ደምሴ፣ ቡራኬ ፈልገህ ነው?» ይሉታል።

የመጀመሪያው ቀን አንድ የመስታወት ቱቦና አንድ ክንድ የሚሆን የጎማ ቱቦ ሰጡኝ።

«አጋጥሚልኝ» አሉ።

ቀላል ነገር መሰለኝ። የመስታወቱን ቱቦ ጫፉን ይዤ የጎማውን እየገፋሁ ማስገባት ጀመርኩ። እምቢ ሲለኝ ጠንከር አደረግኩ።

«አቁሚ» አሉ። አልጮሁም፤ ግን እጄ ቀጥ አለ። «አሁን መስታወቱ ቢሰበር ስባሪው የት ይገባል?»

አየሁት። ቀጥታ ወደ መዳፌ ያነጣጠረ ነው። «መዳፌ ውስጥ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«መዳፌ ውስጥ።»

«አሁንም አልሰማሁም፤ ግን ከንፈርሽን አነበብኩት» አሉና ከእጄ ወሰዱት።

ከዚያ አሳዩኝ። መጀመሪያ የመስታወቱን ጫፍ ወደ ብርሃን አውጥተው ያያሉ፤ በእሳት ተለስልሶ ካልተድበለበለ፣ ስለት ካለው አይነኩትም። ጫፉን አንድ ጠብታ ግሊሰሪን ይቀቡታል፤ ግሊሰሪን ከሌለ ውሃም ይበቃል። መስታወቱን ደረብረብ ባለ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከሚገባበት ቦታ ብዙ ሳይርቁ ይይዙታል። ሁለቱ እጆቻቸው ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። ከዚያ አይገፉም፤ ያዞራሉ። ቱቦው እየዞረ፣ በቀስታ፣ ወዶ የሚገባ ይመስላል። ከገባ በኋላ በሽቦ ያስሩታል፤ የሽቦውን ጫፍ ጓንት እንዳይቀድ ወደ ውስጥ ያጥፉታል። ሳብ አድርገው ይፈትሹታል። በመጨረሻም ውሃ ያሳልፉበታል።

«አሲድ መሞከሪያ አይደለም። መሞከሪያ ውሃ ነው» ይሉ ነበር።

የከረመ ቱቦ መስታወት ላይ ሲጣበቅ ማንም እንዲጎትተው አይፈቅዱም። በምላጭ በቁመቱ ተርትረው ይጥሉታል። አንድ ቀን ደህና የሚመስል ቱቦ ሲተረትሩ አይቼ «ይበላሻል እኮ» አልኳቸው። «ቱቦ መርካቶ ይሸጣል» አሉኝና እነዚያን ሁለት ጣቶች ዓይኔ ስር አመጧቸው። «ይኼ ግን የትም አይሸጥም።»

የነፋስ ስልክ ውሃ በዚያ ጊዜ እንደ አኩራፊ ዘመድ ነበር፤ ሲሄድ አይሰናበትም፣ ሲመጣም በር ሰብሮ ነው። የተጣራ ውሃ የምናወጣበት መሣሪያ በቧንቧ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ከቧንቧው ጋር በቱቦ የተያያዘ ነበር። አንድ ጠዋት ስንገባ ወለሉ ሐይቅ ሆኖ ጠበቀን። ሽቦ ስላጣ ደምሴ ቱቦውን ቧንቧው አፍ ላይ ያሰረው ከመኪና ጎማ ከመነዳሪ በተቀደደ ላስቲክ ነበር። ውሃው እኛ ሳንኖር መጥቶ፣ አየሩን አስነጥሶ ቱቦውን ወርውሮታል።

«ከመነዳሪ እኮ ጠንካራ ነው» አለ ደምሴ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃውን እየጠረገ።

«ጠንካራ ነው። ግን ይለጠጣል። የሚለጠጥ ነገር ሲያዩት አስሯል፣ ሲገፉት ለቋል» አሉት። እሳቸውም መወልወያ አንስተው አብረው ጠረጉ። ሌላ ቁጣ አልነበረም። በማግስቱ ከቤታቸው አንድ ጥቅል ሽቦ ይዘው መጡ።

ደምሴን በእውነት የተዋጉት በሌላ ነገር ነው። ደምሴ የሹፌር ልጅ ነው፤ ናፍጣ ከበርሜል በቱቦ በአፉ እየሳበ ያደገ። ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ቱቦውን ይከታሉ፣ በአፍ ይስባሉ፣ ሊደርስ ሲል አፋቸውን ነቅለው ቱቦውን ዝቅ ያደርጉታል፤ ፈሳሹ በራሱ ይወርዳል። ደምሴ ይህንን ልማድ ላብራቶሪ ውስጥ ይዞት ገባ። ሥጋ የሚያቃጥለው የፋብሪካው የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ናሙና ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ ሲገለበጥ፣ እትዬ ጽጌ ዞር ካሉ፣ ቱቦው አፉ ውስጥ ነው።

«ልምድ ነው እትዬ» አለ የያዙት ቀን። «ቱቦው ውስጥ ሲመጣ ይታወቀኛል። አንድም ቀን አፌ ገብቶ አያውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

እትዬ ጽጌ በማግስቱ ከቤታቸው የቀይ ሥር ውሃ በትልቅ ጠርሙስ ይዘው መጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

«ንጹሕ ምግብ ነው። ለልጆቼ ከቀቀልኩት የተረፈ። በል እንደ ልማድህ ወደዚህኛው አሳልፍልኝ። አፍህ ሳይገባ ካሳለፍክ ሁለተኛ አልናገርህም።»

ደምሴ ሳቀ። እጅጌውን ሰበሰበ። ሳበ፤ ሳል ያዘው፤ ቀይ ውሃው በአገጩ ወረደ። «ይህ አልተቆጠረም፣ አስቃችሁኝ ነው» ብሎ ደገመ። እንደገና አፉ ሞላ። ሦስተኛውን ሲሞክር እኔ ፊቴን በጋዋኔ ሸፍኜ ነበር። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከንፈሩና ጥርሱ ቀልቶ ሲወጣ የበሩ ዘበኛ ጋሽ ሙሄ አየውና «ምነው ደምሴ፣ ሠርግ አለብህ እንዴ? የት ተኳልክ?» አለው። ሳሙና ማብሰያ ክፍል ያሉት ሴቶች ሳምንቱን ሙሉ «ሙሽራው» ሲሉት ሰነበቱ። ደምሴ ከዚያ ወዲህ ላብራቶሪ ውስጥ ቱቦ በአፉ አልነካም። እትዬ ጽጌም የቀይ ሥሩን ነገር ዳግመኛ አላነሱበትም። ሰውን የሚያስጥሉትን ነገር ካስጣሉ በኋላ ይረሱለታል።

ከእኔ ሊያስጥሉኝ የፈለጉት ደግሞ ዝምታዬን ነበር።

ላብራቶሪው ውስጥ አንድ ሕግ ነበራቸው። ፈሳሽ ሲተላለፍ ሁልጊዜ አንድ ሰው መጋጠሚያው ዘንድ ቆሞ ያያል። ያ ሰው ደስ የማይል ነገር ካየ «አቁም» ይላል፤ ለሴትም ለወንድም፣ ለአንተም ለአንቱም ቃሉ ያው ነው። የሚያስተላልፈው ሰው ማንም ይሁን ማን መጀመሪያ ይዘጋል፤ የሚጠየቀው ከተዘጋ በኋላ ነው። አዛዥ የለም፣ ታናሽ ታላቅ የለም። «ቱቦ ላይ ይሉኝታ የለም» ይላሉ።

መጋጠሚያ መሥራቱን በቶሎ ለመድኩ። እንዲያውም ከደምሴ የተሻለ ሆነልኝ፤ ቀስ ብሎ መሥራት ድሮም ተፈጥሮዬ ነው። ቆሞ ማየቱንም እችልበታለሁ። ማስቆሙ ግን እምቢ አለኝ። እትዬ ጽጌ ሆን ብለው ሽቦውን ሳያስሩ ውሃ ማሳለፍ ይጀምራሉ። አየዋለሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ ቃሉ ይመጣል፤ እዚያው ይቀራል። «እ… እትዬ… ይቅርታ…» እያልኩ ሳለሁ ቱቦው ተነቅሎ ውሃው ጋዋናቸው ላይ ይፈሳል።

«'እትዬ ይቅርታ' እስክትዪ ድረስ አሲድ ቢሆን ዓይኔ ጠፍቷል» ይሉኛል እየተጠራረጉ።

አንድ ቀን ግቢው ጫፍ፣ ዘበኛ ቤቱ አጠገብ አቆሙኝና እሳቸው ላብራቶሪው በር ላይ ሆነው እንድጠራቸው አዘዙኝ። «አቁም» አልኩ። ወደ ጆሯቸው በእጃቸው አመለከቱ። ጨመር አደረግኩ። አሁንም ወደ ጆሯቸው አመለከቱ። ጋሽ ሙሄ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና በጽሞና ተመለከተኝ።

«ልጄ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጩኺ ተብዬ ነው ጋሼ።»

«እኔ ደግሞ ሌባ የያዝሽ መስሎኝ ነበር። ለካ ሌባውን እያባበልሽው ነው።»

እየሳቅኩ ሳለሁ ዕንባዬ መጣ። የሙከራ ጊዜዬ ማለቂያው ቀርቧል። በዚያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያጠብን ሳለን እትዬ ጽጌ ቧንቧውን ዘጉና ጎኔ ቆሙ።

«ሂሩት፣ አልዋሽሽም። እጅሽን ወድጄዋለሁ። እንደ አንቺ የሚጠነቀቅ ልጅ በዚህ ክፍል አልገባም። ግን እንደዚህ ሆነሽ አላስቀርሽም።»

«ሥራዬን እሠራለሁ እኮ እትዬ።»

«ትሠሪያለሽ። አንቺ አትጎጂም፤ አጠገብሽ ያለው ሰው ነው የሚጎዳው።» እጃቸውን በጋዋናቸው አደረቁና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «ይህን ሲቆርጠኝ ማን ማን እንደነበረ ታውቂያለሽ? ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ኃላፊ ነበርኩ። ቸኩዬ መስታወቱን በደረቁ ገፋሁት። ሁለት ልጆች አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ሊጠይቁኝ መጡና አንደኛው ምን አለኝ? 'ደረቅ ነው ልንልዎ ፈልገን ነበር፤ ግን እርስዎን እንዴት ብለን' አለኝ።»

የያዝኩትን ጠርሙስ አስቀመጥኩ።

«አክብረውኝ ነው እኮ። ክፋት የለባቸውም። እኔ ታዲያ እንደዚያ መከበር አልፈልግም። ይበቃኛል።» ቧንቧውን መልሰው ከፈቱ። «ጊዜው ሳያልቅ አንድ ቀን አስቁሚኝ። ካስቆምሽኝ ትቀሪያለሽ። ካላስቆምሽኝ፣ እግዜር ያውቃል፣ እያዘንኩ አሰናብትሻለሁ።»

ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እስከ ሀና ማርያም ድረስ የማስበው እናቴን ነበር፤ ለጎረቤት የነገረችውን እንዴት መልሳ ልትሰበስበው እንደምትችል። ከታክሲ ስወርድ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ብሰናበት እንኳ ዝም ስላልኩ አይሆንም። መወሰኑ ግን ከመጮህ ይቀላል።

በዚያው ሰሞን የፋብሪካው ቦይለር ቆመ። ለሳሙና ማብሰያው እንፋሎት የሚሰጠው እሱ ነው፤ ውስጡ በውሃው ዝቃጭ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። ለማጠቢያ የሚሆን አሲድ በትልቅ የፕላስቲክ በርሜል መጣ። ክዳኑ ሲላላ ነጭ ጭስ የሚተነፍስ ዓይነት ነው። የቦይለር ሠራተኞቹ አቅጥነው እንዲጠቀሙበት ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች የምናስተላልፈው እኛ ነን። ማብሰያ ክፍል ሴቶቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። በቅርቡ የተሾመው ሥራ አስኪያጅ፣ ወጣትና ጨዋ ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው፣ ራሱ ወደ ግቢው ወጣ።

እትዬ ጽጌ በርሜሉን ከቤት ውጭ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር፣ ውሃ ቧንቧ አጠገብ አስቀመጡት። ነፋሱ ከጀርባችን እንዲመጣ አዞሩን። የበርሜሉ አፍ ላይ ሁለት የመስታወት ቱቦ ያለው የጎማ ቡሽ ይገባል፤ በአንዱ ቱቦ አየር ይገባል፣ በሌላው አሲዱ ይወጣል። አየሩን የሚነፉት የደም ግፊት መለኪያ ላይ እንዳለው ዓይነት የጎማ ኳስ በእጅ እየጨመቁ ነው። ቀስ ብሎ ሲጨመቅ አሲዱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ኳሱ ተለቆ ቱቦው ሲቆነጠጥ ይቆማል። እትዬ ጽጌ ለዚያ ቀን አዲስ ቱቦ ቆረጡ። ግሊሰሪን ቀቡ፣ አዞሩ፣ አሰሩ፣ የተረፈውን ግሊሰሪን ጠረጉ፣ ከዚያ ባዶ በርሜል ላይ በውሃ ሞከሩ።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «ወይዘሮ ጽጌ፣ ሁለት ሰው አዘንብሎ ቢቀዳው አያልቅም ነበር?»

«ያልቃል» አሉ ሳይዞሩ። «ሁለቱም ሰዎች አብረው ያልቃሉ።»

መነጽራችንንና ጓንታችንን አደረግን። እሳቸው ኳሱን ያዙ። ደምሴ ሳፋ ውስጥ የተቀመጠውን ጠርሙስ ያዘ። እኔ መጋጠሚያው ዘንድ ቆምኩ። ሁለት የቦይለር ሠራተኞች ራቅ ብለው ይጠብቃሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ከእነሱ ፊት ቆሟል።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሞላ። ሁለተኛው ተጀመረ። ፀሐይዋ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ መጋጠሚያው ላይ አርፋለች። ከሽቦው ስር አንድ ነገር አበራ። አየሁት። ትንሽ ጠብታ ነው። እያየሁት ወፈረ።

ሐሳብ እንዴት እንደሚፈጥን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ብርሃኑ ይሆናል አልኩ። እትዬ አይተውት ይሆናል፤ ከእኔ ቀድመው ያላዩት ነገር የለም። መጋጠሚያውን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ አለቃቸው ፊት፣ ሠራተኛ ፊት የእርስዎ ሥራ ያፈሳል ልላቸው ነው? ባይሆንስ? ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ነው። ጠብታዋ ወረደችና በቱቦው ሆድ ላይ ተንጠለጠለች፤ ከእትዬ ጽጌ እጅ በላይ።

«አቁም» አልኩ።

ጋሽ ሙሄ ከበሩ ላይ ከነወንበሩ ብድግ አለ። በኋላ ደምሴ እንደነገረኝ ማብሰያ ክፍል ያሉት ሴቶችም ሰምተዋል።

እትዬ ጽጌ እኔን አላዩኝም። መጀመሪያ ኳሱን ለቀቁ፣ አየሩን አስተነፈሱ፣ ቱቦውን በመቆንጠጫው ዘጉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«የት?»

«ከሽቦው ስር። እዚያች ጋ። ትወርዳለች።»

እጃቸውን ቀስ ብለው ከስሯ አወጡ። «ወረቀት» አሉ። ደምሴ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ሰማያዊ ወረቀት አምጥቶ፣ በውሃ አርሶ፣ ጠብታዋን አስነካት። ሁላችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ወረቀቱ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ደምሴ ሌላ ቁራጭ ደገመ። ያውም ሰማያዊ።

«ግሊሰሪን ነው» አለ ደምሴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ለእኔ አዝኖ ነው። «ውስጥ የቀረው ፀሐይ ሲያገኘው ወጥቶ ነው።»

ከቦይለር ሠራተኞቹ አንዱ ሳቀ። ፊቴ ሲግል ከመነጽሩ ስር ላቡ ተሰማኝ።

«ታዲያ በከንቱ ነው ያቆምነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አዎ፣ በከንቱ ነው» አሉ እትዬ ጽጌ። «በከንቱ ሲሆን ነው ጥሩ። የእውነት ቢሆን ኖሮ እርስዎ አሁን እኔን ጭነው ሐኪም ቤት ይሄዱ ነበር።»

«ገባኝ፣ ጥንቃቄ ጥሩ ነው። ግን ወይዘሮ ጽጌ፣ ፋብሪካ ቆሟል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የለመደ ሰው ቢቆም አይሻልም? ልጅቷ የሙከራ ጊዜ ላይ ናት መሰለኝ።»

እትዬ ጽጌ ኳሱን በዝግታ ሳፋው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

«ነበረች። አሁን ጨረሰች።»

«ማለት?»

«ማለትማ፣ ቋሚ ትሁን ብዬ ዛሬውኑ አቀርባለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወረቀቱ፣ ወደ እኔ፣ ወደ እሳቸው አየ። «ተሳስታ እያለች?»

«ተሳስታ እያለች። እርግጠኛ ሲሆንማ ማንም ይናገራል፤ ምን ያቅተዋል? እኔ የምፈልገው እርግጠኛ ሳትሆን የምታስቆመኝን ነው። እኔን አልፈራችም፣ እርስዎን አልፈራችም፣ መሳቂያ መሆንንም አልፈራችም።» የሳቀውን ሠራተኛ በእነዚያ ሁለት ጣቶች ጠቆሙት፤ ልጁ አንገቱን ደፋ። «ዛሬ ብቆጣት ነገ እውነተኛው ሲመጣ ዝም ትላለች። አንዴ ዝም ካሉ ደግሞ ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ «እሺ፤ ቀጥሉ» አለ።

«አንቀጥልም» አሉ እትዬ ጽጌ። «መጀመሪያ ይጠረጋል። ከዚያ እንደገና በውሃ ይሞከራል።»

ሰውየው አንድ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠበት።

ጠረግነው። ቱቦውን አጥበን ፈታነው፤ እንደገና አጋጠምነው። በውሃ ሞከርነው። በደረቅ ጨርቅ ዙሪያውን አበስነው፣ ሰማያዊውን ወረቀት ቢያፈስ እንዲያሳየን ሽቦው ላይ አሰርንበት። እኔ ወደ ቦታዬ፣ ወደ መጋጠሚያው ልመለስ ስል እትዬ ጽጌ ክንዴን ያዙ።

«ወዲህ» አሉ። ኳሱን እጄ ላይ አደረጉት። «አሁን አንቺ አስተላልፊ። እኔ አያለሁ።»

«እኔ?»

«ቋሚ ሠራተኛ አይደለሽ እንዴ?»

ደምሴ ጠርሙሱን ሳፋው ውስጥ አስተካከለ። መነጽሬን ጫን አደረግኩ። እትዬ ጽጌ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ሽቦው ላይ ተከሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል። መቆንጠጫውን ከፍቼ መጨመቅ ጀመርኩ። አሲዱ በመስታወቱ ውስጥ ወጣ፣ በመጋጠሚያው አለፈ፣ በጎማው ቱቦ ወርዶ ጠርሙሱ ውስጥ መግባት ጀመረ። ለእሳቸው ብዬ አልቸኮልኩም፣ ለሥራ አስኪያጁም ብዬ አልቸኮልኩም። ከጀርባዬ ያለውን ሰው ሁሉ ረሳሁት። የምሰማው የኳሱን ትንፋሽና የጠርሙሱን ድምፅ ብቻ ነበር።

ፈሳሹ ከጠርሙሱ አንገት ሲደርስ «አቁም» አሉ።

ለቀቅኩ፣ አስተነፈስኩ፣ ዘጋሁ። ከዚያ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ሞልቷል» አሉ። «ደምሴ፣ ሌላ ጠርሙስ አምጣላት።»